ከቁርጥራጭ የሚሠራ የቤተሰብ ሥዕል

ከሥራ ውለው ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ልጆችዎ ገና ከበር ተቀብለው የሚነግሩዎ ብዙ ነገር አላቸው። እርስዎ ግን እራቱ ያልደረሰ፣ ልብሱ ያልታጠበ ነውና «ቆይ አሁን፣ አትረብሹኝ» ብለው ያልፏቸዋል። እነሱም ወደ ቴሌቪዥኑ ወይም ወደ ሞባይሉ ይዞራሉ። ይህ ውሎአቸው በሥራ ቦታ የሆነ ወላጆች ሁሉ የሚያውቁት ችግር ነው። ለዛሬ የምናቀርብልዎ ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተሰቡን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያሰባስብ ነው፤ ይኸውም ከጨርቅ፣ ከወረቀትና ከልዩ ልዩ የቤት ውስጥ ውዳቂ ነገሮች በኅብረት ሥዕል መሥራት ነው።

ከውዳቂ ነገር ምን ሥዕል ይወጣል እንዳይሉ። የአዲስ አበባው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በዓለም የታወቀባቸውን ሥራዎች የሠራው ከክር፣ ከልብስ ቁልፍ፣ አገልግሎታቸውን ከጨረሱ የኮምፒዩተር ክፍሎችና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ሰው የጣለውን ሰብስቦ፣ በመርፌ ወግቶና ጎንጉኖ፣ ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ያደርገዋል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ከቤት አይጠፉም። ለመደቡ የዕቃ ካርቶን ይቁረጡ። ከዚያም የአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ፣ የነጠላ ጥለት፣ ጋዜጣ፣ የክብሪት ቀፎ፣ ቆርኪ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ከስፌት የተረፈ አክርማና ስንደዶ በአንድ ቅርጫት ያጠራቅሙ። ለቀለም እርድ ቢጫ፣ የቡና አተላ ቡናማ፣ ከሰል ጥቁር ይሰጣል። እርድ ልብስ ላይ ከነካ በቀላሉ ስለማይለቅ፣ ልጆቹን አሮጌ ልብስ ማልበስ ይበጃል።

ኮላ መግዛትም ግድ አይደለም። አንድ ሲኒ የስንዴ ዱቄት በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል አድርገው ይበጥብጡ። ሦስት ሲኒ ውኃ አፍልተው ብጥብጡን ይጨምሩበትና እስኪወፍር ድረስ በዝግተኛ እሳት ያማስሉት። ሲቀዘቅዝ ወረቀትና ስስ ጨርቅ በሚገባ ይይዛል። በሁለትና በሦስት ቀን ስለሚኮመጥጥ ግን ጥቂት ጥቂት መሥራት ይሻላል። ሲቀቡትም ስስ ይሁን፤ ከበዛ ካርቶኑን ያጣምመዋል። ቁልፍና ቆርኪን የመሰለ ከባድ ነገር በዚህ ኮላ አይያዝም። ስለዚህ ቁልፉን በመርፌና በክር ከካርቶኑ ጋር ይስፉት፤ ለቆርኪው ግን ጠንከር ያለ የሱቅ ኮላ ያስፈልጋል።

ሥራውን እንደየዕድሜያቸው ያከፋፍሉ። ትንንሾቹ ወረቀት በእጃቸው ይቅደዱ፣ ይለጥፉ። ከፍ ያሉት በመቀስ ይቁረጡ። ምላጭና መርፌ የአዋቂ ድርሻ ነው። አባትም ከሶፋው ተነሥቶ ካርቶን ይቁረጥ፤ ይህ የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። ዕድሜው ሦስት ዓመት ያልሞላ ሕፃን ካለ ቁልፍና የመሳሰለ ጥቃቅን ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፤ አፉ ወይም አፍንጫው ውስጥ ሊከተው ይችላልና። ምስርና ባቄላ የሚለጥፉ ቤተሰቦች አሉ። በቤቱ ያሉ አያት «እህል መጫወቻ አይደለም» ካሉ ግን ልክ ናቸው፤ ገለባውና ልጣጩ ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን የልጅን ሥራ አለማረም ነው። ይህን የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተነሥተን ነው። የስድስት ዓመት ልጄ አንድ እሑድ ቤትና ሰማይ ሠራች። ሰማዩን በቡናማ ጨርቅ አልብሳዋለች፤ ቤቱም በር የለውም። እሷ ከተኛች በኋላ፣ ሰው ቢያየው ምን ይላል ብዬ ጨርቁን ልጬ ሰማያዊ ወረቀት ለጠፍሁ፤ ለቤቱም በር ቆረጥሁለት። ጧት ተነሥታ ብዙ ካየችው በኋላ፣ «እማዬ፣ የኔ የት ሄደ?» አለችኝ። ይኸው የምታምረው ናት ብላት፣ «የአያቴ ቀሚስ ነበር፤ እሷ ሰማይ ቤት ናት ብላችሁኝ የለ?» አለች። ቡናማው ቁራጭ በእርግጥ ከሞቱት እናቴ ቀሚስ የተቀደደ ነበር። እኔ ግን ከጥራጊው ጋር ጥዬዋለሁ። ከቀሚሱ የቀረ ሌላ ቁራጭ አልነበረንም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከመንካቴ በፊት «ይህ ምንድን ነው? ለምን እዚህ አደረግሽው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በዚህ ጥያቄ ልጅዎ በትምህርት ቤት የሚያሳዝናትን፣ የምትፈራውን፣ የናፈቃትን ይሰማሉ። እነሱም በተራቸው የቁርጥራጩን ታሪክ ይጠይቁዎታል፤ ይህ ጥለት የማን ነጠላ ነበር፣ ይህ ቁልፍ ከየትኛው ካፖርት ወደቀ ይላሉ። የቤተሰብ ታሪክ ለልጅ የሚተላለፈው እንዲህ ነው።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በንጹሕ ወረቀት ሸፍነው፣ ከበድ ያለ ዕቃ ጭነውበት ይደር። ቁልፍና ቆርኪው ከወረቀቱ በኋላ ቢጨመር ይሻላል። በጀርባው የሠሩትን ሁሉ ስምና ቀኑን ይጻፉበትና ልጆቹ ቁመታቸው በሚደርስበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ሰማዩ ቡናማ ቢሆንም ይሰቀል።