የተቀደደውን ድምፅ ማጉያ ስለ መጠገን

ጥቂት የተጎዳውን ዕቃ ፈጥኖ መጣል ባለጠግነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ የአንድ ቤት ሬዲዮ ድምፁ ሻክሮ እንደ ተሰነጠቀ ቅል መንጫረር በጀመረ ጊዜ ቤተ ሰቡ «ሬዲዮው ሞተ» ብሎ ወደ ጓዳ ይወረውረዋል፤ ቀጥሎም ለአዲስ መግዣ ጤፍ ተጭኖ ገበያ ይወጣል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሞተ ነገር የለም፤ በውስጡ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ ሰው እስፒከር የሚለው፣ ወረቀቱ የጣት ስፋት ያህል ተቀድዷል። ይህን ቀዳዳ በቤት መጠገን አስተዋይ ሰው ሁሉ ሊማረው የሚገባ ሙያ ነው፤ ለተማሪ ግን ከሁሉ ይልቅ ይገባዋል።

የድምፅ ማጉያው አሠራር እንዲህ ነው። ከበስተኋላው ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ቀጭን የሽቦ ጥቅል ተንጠልጥሏል፤ ጥቅሉም አፉ ሰፍቶ ወደ ታች ከጠበበ ወረቀት ጋር ተጣብቋል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲመላለስ ጥቅሉ በማግኔቱ ኀይል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወረቀቱም አየሩን ይገፋል፤ የአየሩም መገፋት በጆሮ ድምፅ ይሆናል። ይህን አሠራር ዛሬ በሚታወቀው መልክ ያወጡት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1925 ነበር። የሰው ጆሮ በአንድ ሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚደርሰውን መርገብገብ ይሰማል፤ እንግዲህ ወረቀቱ ዐይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ይመላለሳል ማለት ነው። ይህን ሥራ ለመሥራት ቀላል መሆንና ያለ ዕንቅፋት መንቀሳቀስ ያስፈልገዋል።

ወረቀቱ ሲቀደድ የቀዳዳው ሁለት ከንፈሮች እርስ በርሳቸው ይማታሉ፤ መንጫረሩም ከዚህ ይመጣል። በቸልታ ከተተወም ዛሬ የጣት ስፋት የነበረው ነገ የመዳፍ ስፋት ይሆናል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ሆኖም ችኩል ጠጋኝ ከቀዳዳው የበለጠ ጥፋት ያመጣል። አንዱ ወፍራም ፕላስተር ይለጥፍበታል፤ ወረቀቱም በአንድ ወገን ከብዶ ይዛባል። ሌላው ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ማጣበቂያ ያፈስበታል፤ የጠነከረው ስፍራ ከለስላሳው ጋር አብሮ ስለማይንቀሳቀስ በዳሩ ሌላ ቀዳዳ ይጀምራል።

የሚገባው አጠጋገን ግን ይህ ነው። አስቀድሞ ሬዲዮው ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ ባትሪውም ይወጣል። ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ኤሌክትሪክ ሊቈይ ስለሚችል ከድምፅ ማጉያው በቀር ሌላውን የውስጥ ዕቃ መንካት አይገባም። አቧራው በለስላሳ ቡርሽ ይጠረጋል፤ የቀዳዳውም ከንፈሮች ሳይደራረቡ ይገጠማሉ። ከሶፍት ወይም ከሌላ ስስ ወረቀት ከቀዳዳው በጥቂት የሚተርፍ ቍራጭ ይወሰዳል፤ ይህንም በመቀስ ከመቍረጥ በእጅ መቅደድ ይሻላል፤ በእጅ የተቀደደ ዳር ስስ ሆኖ ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳልና። ነጩ የእንጨት ኮላ በጥቂት ውኃ ቀጥኖ በስሱ ይቀባል፤ ቍራጩም ከተቻለ ከበስተኋላ ይለጠፋል፤ በላዩም አንድ ጊዜ ስስ ኮላ ይደገማል። ከዚያ በኋላ እጅን መሰብሰብና እስከ ማግሥቱ ሳይነኩ ማሳደር ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፣ ኮላው ሳይደርቅ ሬዲዮውን የከፈተ ሰው ሥራውን ራሱ ያፈርሳል። ሲደርቅም ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች ዙሪያውን እኩል አድርጎ በቀስታ ወደ ውስጥ መግፋትና ማዳመጥ ይገባል፤ የመፋተግ ድምፅ ካልተሰማ ጥቅሉ ከቦታው አልተዛባም። ሬዲዮውም መጀመሪያ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይከፈታል።

ይህ ጥበብ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ ነክሮ በእንጨት ወጥሮ ሲፍቅ፣ ቢላዋ የነካው ትንሽ ስፍራ ውጥረቱ ሲበረታ ትልቅ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ቆዳው እርጥብ ሳለ በቀጭኑ ይሰፋዋል፤ ጸሓፊውም ስፌቱን ዘልሎ ይጽፋል። በቢቸና አጠገብ እንዳለው እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ባለ ደብር በብራና የተማረ ሰው፣ ስፌት ስላለበት ገጹ ይጣል ቢሉት ይስቃል።

ዳሩ ግን ብራናውን እያከበረ ፋቂውን የሚንቅ ልማድ በአገሩ ቈይቷል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ይኖራል። ዛሬም «የተማርሁ ነኝና እጄን ኮላ አላስነካም» በሚል ተማሪ ዘንድ ይገኛል። እንዲህ ያለው ተማሪ ስለ ድምፅ በደብተሩ ጽፎ ፈተናውን ያልፋል፤ በቤቱ ያለውን የተሰበረ ሬዲዮ ግን እንደ እባብ ይሸሸዋል። ቅኔ የሚቈጥር ሰው አንዲት ቃል ከመጠን ብታልፍ ቤቱ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ እጅም መጠንን የምትማረው በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ሥራ ነው።

«ይህ የባለሙያውን እንጀራ መቀማት ነው» የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። ትንሹን ጥገና የሞከረ ሰው የትልቁን ድካም ያውቃል፤ ለባለሙያውም ዋጋውን ሳያጕረመርም ይከፍላል። ደግሞም በቤት የማይጠገን አለ። ሽቦው የተቃጠለ ወይም ወረቀቱ ዙሪያውን የበሰበሰ ድምፅ ማጉያ በሌላ መተካት አለበት፤ ተተኪውም በስፋቱና ከበስተኋላው በተጻፈው የኦም ቍጥር ከፊተኛው ጋር እኩል መሆን ይገባዋል።

የጥገናን ጥቅምና ወሰን የሞጣ ሰው ከሰባራ ድልድይ ሊማር ይችላል። በዐባይ ላይ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኝ የነበረው ይህ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን መንገደኛ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ በሌላ ስፍራ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የፊተኛው ጥገና ከንቱ አልነበረም፤ በእነዚያ ዓመታት ሰው በእግሩ ተሻግሮበታልና። ጎርፉ ከወሰደው በኋላም አዲስ መሥራት ተገባ።

እንግዲህ ቀዳዳው ሳይበረታ መድረስ፣ ጥገናውን ከቀዳዳው አለማክበድ፣ እስኪደርቅም መታገሥ፣ እነዚህን ሦስቱን በአንዲት ወረቀት ላይ የተማረ ልጅ ለልብሱም ለመጽሐፉም ይጠቀምባቸዋል። ከባልንጀራው ጋር በተጣላ ጊዜም እነዚሁ ያገለግሉታል፤ የከበደ ተግሣጽ ትንሹን ቅሬታ ወደ ትልቅ ጠብ ሲለውጥ ብዙ ጊዜ ታይቷልና።