ናሽናልስ ማንን ይግዛ? ማንንስ ያቆይ?

ቤዝቦል በፈረንጅ ክረምት አይጫወቱትም፤ ክርክሩ ግን የሚጦፈው ያኔ ነው። ሜዳው ተዘግቶ ሣሩ ላይ በረዶ ሲወርድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪት ማኪያቶውን የሚያማስለውም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ሳውዘርን ታወርስ ታክሲውን አቁሞ የሚያወጋው ወገን ጥያቄው አንድ ነው። ናሽናልስ ማንን ይግዛ? ማንን ይሽጥ? ማንስ በስንተኛ ተራ ይምታ?

«ቤዝቦልና ሐበሻን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጊዮርጊስና ቡና ሲባል ደሙ የሚፈላ ሰው፣ ዱላ ይዞ ኳስ የሚጠብቅ ጎረምሳ ምኑ ነው? ነገሩ ግን ቀላል ነው። ቡድኑ በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታል። ሌሊት ታክሲ ለሚነዳ፣ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ለሚያመሽ ሰው ይህን ያህል ምሽት በሬዲዮ የሚያጫውት ጓደኛ ከየት ይመጣል? ልጅ ያለው ደግሞ ወደደም ጠላም ከልጁ ይማረዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ቡድኑ እንደኛው ስደተኛ ነው። በ1969 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሞንትሪያል ውስጥ ኤክስፖስ ተብሎ ተመሠረተ። በ1994 ዓ.ም. 74 አሸንፎ 40 ተሸንፎ ከሁሉም ቡድን ቀድሞ ሲመራ የተጫዋቾች አድማ ተነሣና ውድድሩ እዚያው ላይ ተቋረጠ፤ ዋንጫውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ኮከቦቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። በ2002 ባለቤት አጥቶ ሊጉ ራሱ ያስተዳድረው ጀመር፣ በ2005 ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ዋሽንግተን ገባ። ዋሽንግተንም ብትሆን ሁለት ቡድን ሸሽቷት ነበር፤ አንዱ ለ1961 ውድድር ወደ ሚኒሶታ፣ ሌላው ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ነጉዷል። ቀደም ብለው የመጡት ታላላቆቻችን ቤዝቦል ባማራቸው ቁጥር ባልቲሞር ድረስ ይሄዱ የነበረው ለዚህ ነው።

ስደተኛው ቡድን በ2019 ጉድ አሳየ። በሜይ ወር 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ሁሉም ተስፋ ቆርጦበት ነበር፤ በኦክቶበር ሂውስተንን ሰባት ጨዋታ አስጨርሶ የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ አነሣ። አራቱንም ድል ያገኘው በባላጋራው ሜዳ ነው። እዚህ በሜዳው ሦስቴ ተጫውቶ ሦስቴም ተሸንፏል! ይህን ታሪክ የሚወድ ሐበሻ ብዙ ነው፤ ምክንያቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የሽያጭ ታሪክ ነው። ሬንዶን ወዲያው በዚያው ክረምት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ዶላር ተፈርሞለት፣ ክንዱና ትከሻው አልታዘዝ ብለውት፣ ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ሸርዘርና ተርነር በጁላይ 2021 ለዶጀርስ ተሰጡ። ኋን ሶቶ 440 ሚሊዮን ዶላር አልፈልግም ቢል በኦገስት 2022 ወደ ሳንዲያጎ ተላከ። ያን ጊዜ «እንዴት ያለ ስግብግብ ነው!» ያልነው ልጅ በዲሴምበር 2024 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ተፈራረመ። ስሌቱን ከኛ በላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ናሽናልስ ከ2020 እስከ 2025 ስድስት ዓመት በተከታታይ ካሸነፈው የተሸነፈው በለጠ። የ2025ቱ 66 ለ96 ነው። በጁላይ 2025 ዋንጫውን ያመጡትን ሥራ አስኪያጁን ሪዞንና አሠልጣኙን ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበቷቸው፤ በዚያው መኸር የ33 ዓመት ወጣት፣ ብሌክ ቡቴራን፣ አሠልጣኝ አድርገው ሾሙ።

ከሶቶ ሽያጭ ከተገኙት ወጣቶች አንዱ ጄምስ ዉድ ነው። ይህ ልጅ በ2002 እዚሁ ሮክቪል የተወለደ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሮክቪልም በሜትሮ ቀይ መስመር ላይ ናቸውና፣ የጎረቤት ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ2025 31 ሆምረን መታ። 221 ጊዜም ሳይመታ ተመለሰ፤ እሱን ልጆቻችን አያነሡብንም። በጁን 2025 መጨረሻ ላይ ኤንጅልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው፣ እንዲመታ ዕድል ሳይሰጡት፣ ወደ አንደኛው ቤዝ ሸኙት። እንዲህ የተደረገ ሰው ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ አልነበረም።

የሰሞኑ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ የኮሌጅ ተማሪና አንድ ጠና ያሉ የታክሲ ሰው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

«ጋሼ፣ ከዉድ ኋላ የሚፈራ መቺ ካላቆሙ ማንም ኳስ አይሰጠውም። መቺ ነው የሚገዛው!»

«አንተ ልጅ፣ አምስት አስቆጥረህ ስምንት ከገባብህ ምን ዋጋ አለው? ፒቸር ነው የጠፋው።»

«ዉድንስ በስንተኛ ያስመቱታል?»

«በአራተኛ ነዋ! ሦስቱ ቤዙን ሲይዙለት ጠራርጎ ያስገባቸዋል።»

«ጋሼ ይሙቱ፣ እሱ የድሮ ነው! ሁለተኛ የሚመታ ሰው በዓመት ስንትና ስንት ተራ ያተርፋል።»

በሰልፉ ጉዳይ ልጁ እውነት አለው። ተራው አንድ ደረጃ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መቺው በዓመት ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ያህል ተጨማሪ ዕድል ያገኛል። በ2025ም አብራምስ አንደኛ፣ ዉድ ሁለተኛ ሆነው የመቱበት ጊዜ ይበዛል። በግዢው ግን እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። በ2025 ከሠላሳው ቡድን ከናሽናልስ ፒቸሮች የበለጠ ነጥብ ያስቆጠሩት የኮሎራዶዎቹ ብቻ ናቸው። የኮሎራዶ ሜዳ ደግሞ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይበርራል፤ ሰበብ አላቸው። የኛዎቹ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ምን ሰበብ አላቸው? አምስት ሰው እየተፈራረቀ ጨዋታ በሚጀምርበት ስፖርት ሁለት የሚታመን ፒቸር ሳይኖር 30 ሚሊዮን ከፍሎ መቺ ማምጣት፣ ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት መጋረጃ መግዛት ነው።

የቡድኑ ሰዎች ግን በተጠየቁ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ «እየገነባን ነው፣ ወጣቶቹ ይድረሱ፣ ነገ።» ይህችን «ነገ» ከኛ በላይ የሚያውቃት የለም። ጋሼን የመሰለ ስንት ሰው አለ፣ «የዛሬ ዓመት እንቁጣጣሽ አገሬ ነኝ» እያለ ቤት ሳይገዛ፣ ሶፋ እንኳ ሳይለውጥ፣ ሃያ ዓመት አልፎት በኪራይ ቤት ያረጀ! የአሌክሳንድሪያ ሰውማ ከዚህም በላይ ያውቃል። በዲሴምበር 2023 ቅርጫት ኳሱና ሆኪው ወደ ፖቶማክ ያርድ ይመጣሉ ተብሎ ተጨበጨበ፤ በማርች 2024 ነገሩ እንደ ጉም በነነ።

ስለዚህ ከፒቸሩም በፊት የሚያሳስበኝ ዉድ ነው። አሁን ባለው ደንብ ቡድኑ እስከ 2030 ውድድር መጨረሻ ድረስ ያዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፈለገው ይሄዳል። «ገና ብዙ ጊዜ አለ» ይባላል። ሶቶም በተሸጠ ጊዜ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይቀረው ነበር። ልጆቻችን የሃርፐርን ማሊያ ገዝተው በ2019 ፊላደልፊያ ገባባቸው፤ የሶቶን ገዙ፣ ሳንዲያጎ ገባባቸው። የጄምስ ዉድን ማሊያ ደግሞ ዛሬ ለብሰውት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አባትየው ስለ ጊዮርጊስ ሲያወራ ልጁ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ስለ ዉድ ሲነሣ ግን እኩል ይሟገታል፣ አባቱንም ያርማል። በዚህ ከተማ አባትና ልጅ እኩል የሚያውቁት ነገር ብዙ አይደለም፤ ያለውንም በየሦስት ዓመቱ ሸጠው ሌላ ስም አጥኑ ይሉናል።

ገንዘብ የለም እንዳይባል ላርነሮች ባለጠጎች ናቸው። በ2022 ቡድኑን ልንሸጥ እናስባለን አሉ፤ በ2024 አንሸጥም አሉ። ካልሸጡ ለልጁ ያስፈርሙት፣ ሁለት ፒቸርም ይግዙ።

ዘጠኙን በቅደም ተከተል አሰልፎ የሚልክ አንባቢ ካለ በደስታ አስተናግዳለሁ። ዉድን ከአራተኛ በታች ያሰለፈ ግን ደብዳቤው አይታተምለትም።