ማርያም ማናት?

ባለፈው ዓመት፣ ብርዱ ጠንከር ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ ከበላያችን የምትኖረው ወጣት እናት ማታ ላይ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እባክዎ ይምጡልኝ። ሲፒኤስ መጥተውብኛል።» ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖር ሐበሻ ሲፒኤስ ምን እንደሆነ መንገር አያሻም። ለሌላው ግን፣ ልጅ ተጎድቷል የሚል ጥቆማ ሲደርሰው ቤት ድረስ መጥቶ የሚመረምር የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው።

ስገባ ሶሻል ወርከሯ ሳሎኑ መሐል ቆማ ትጽፋለች። ኡበር ሲነዳ የዋለው አባት ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ እጁን እያወራጨ ይጮኻል። እናትየው የሰባት ወር ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ፒጃማዋን እንደለበሰች ታስተረጉማለች።

የሕፃኑ ወገብና መቀመጫ ላይ ሰማያዊ ነገር ታይቷል ተብሎ ነው የመጡት። ማን እንደጠቆመ አይነገርም፤ ሕጉ ይደብቃል። ይሁንና የዚያ ልጅ ዳይፐር የሚፈታው ቤቱና ዴይኬሩ ብቻ ስለሆነ መገመት አያቅትም። እናትየው ስትጠየቅ የመለሰችው እኔም ብሆን የምመልሰውን ነው፤ «ማርያም የሳመችው ነው» አለች። ልጅቷም ቃል በቃል አስተረጎመችው። ሶሻል ወርከሯ ከወረቀቷ ቀና ብላ ጠየቀች፤ «ማርያም ማናት? እዚህ ቤት ነው የምትኖረው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሆዳችንን ይዘን በሳቅን ነበር። ያን ማታ የሳቀ የለም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ የእኛ ሰዎች። እኛ ደግሞ የቤተሰቡን ዕጣ በሙሉ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አስቦክተናት ነበር። አስተርጓሚ መጠየቅ እኮ ልመና አይደለም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ቋንቋው ለማይችል ሰው አስተርጓሚ ማቅረብ ያለበት ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በመነጨ ግዴታ ነው፤ ለተጠቃሚው ደግሞ በነፃ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ «የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይቅረብልኝ»። ለምን አላልንም? ብዙዎቻችን እንደሚቻል ስለማናውቅ፣ የሚያውቀውም እንግሊዝኛ አይችልም እንዳይባል ስለሚያፍር ይመስለኛል።

ሰማያዊው ምልክት ራሱ ምንም ምሥጢር የለውም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ጠለቅ ብለው ሲቀሩ የሚፈጠር፣ ብዙ የአፍሪካና የእስያ ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት፣ ከዓመታት በኋላ እየደበዘዘ የሚጠፋ ነገር ነው። የምት ሰንበር በቀናት ውስጥ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ይለወጣል፤ ይሄኛው ሳምንትም ወርም ያው ነው። ነገር ግን አይቶት ለማያውቅ ሰው ቁርጥ የተመታ ቦታ ይመስላል።

ታዲያ የጠቆመችውን ልጠላት? የመጀመሪያው ሌሊት ጠልቻት ነበር፤ አልዋሽም። ቆይቼ ሳስበው ግን እንደ መምህርና ሐኪም ሁሉ የዴይኬር ሠራተኛም የጠረጠረችውን እንድታሳውቅ ሕግ ያስገድዳታል። እርግጠኛ እስክትሆን እንድትጠብቅ አይፈቀድላትም። ከእኛም መካከል እኮ በቀበቶ የሚገርፍ፣ ቁንጥጫው ሰንበር የሚያወጣ ወላጅ አለ። እንዲያ ላለው ልጅ በር የሚያንኳኳ ሰው መኖሩን እደግፋለሁ።

የሚንኳኳው በር ግን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ 3 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ሕፃናት ጉዳይ ታይቶ፣ በደል ደርሶባቸዋል የተባሉት 559 ሺህ ያህል ናቸው። በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ከጥቁር ልጆች 53 ከመቶው 18 ዓመት ሳይሞላቸው ቤታቸው ምርመራ እንደሚገባባቸው ገምቷል። የእኛም ልጆች እዚህ አገር ፎርም ላይ ጥቁር ተብለው ነው የሚሞሉት። እንግዲህ ይህ የአንድ ክፉ ጎረቤት ሥራ ወይም የአንድ ቤት ዕጣ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ያን ማታ እኔም ጥፋት አለብኝ። እናትየውን በጆሮዋ «ምንም አትበዪ» አልኳት። ዝም አይነቅዝም ሲባል ነው ያደግሁት። ዝም ስትል የምትደብቀው ነገር ያለ መሰለ። አባትየው ሲጮኽ ደግሞ ሶሻል ወርከሯ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ስታፈገፍግ አየሁ። እኛ ቤት እጅ ማወራጨት ንግግር ነው፤ ለእሷ ግን ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ የታየ ቁጣ ነው። መርሁ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ ሲፒኤሶች ያለፈቃድ ወይም ያለፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት አይገቡም ይላል። ይህን መብት በዝግታ፣ «መጀመሪያ ጠበቃ ላነጋግር» ብሎ መናገር ይቻላል። በጩኸት ሲሆን ግን ጩኸቱ ራሱ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል።

ነገሩን የፈታው በማግስቱ የሕፃናት ሐኪሟ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ልጁ በተወለደ በሁለተኛ ሳምንቱ ለምርመራ ሲሄድ ምልክቱ ያለበት ቦታና ስፋቱ ሳይቀር ተመዝግቦ ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ አስተርጓሚ በስልክ ቀረበ፤ አባትየው የሶሻል ወርከሯን ስም፣ የመጣችበትን ሰዓትና የተባለውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈ። ተረጋግቶ ሲናገር ሌላ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሜሪላንድ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ትላለች፤ ቨርጂኒያ 45 ትልና ልታራዝመው ትችላለች። ክሱ ውድቅ ሲሆን አንዷ «ሩልድ አውት»፣ ሌላዋ «አንፋውንድድ» ብላ በደብዳቤ ታሳውቃለች።

ደብዳቤው እስኪመጣ ያየሁትን ግን ለመጻፍ እንኳ ይከብደኛል። ሲፒኤስ የመጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ እኛ ግን በየቀኑ መጣንባት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ጠበል ስንቀማመስ፣ «ልጆቿን ሊነጥቋት ነው አሉ» የሚል ሰማሁ። አንዷ ጨዋ የምላት ሴት «መቼም ያለነገር አይመጡም» አለች፣ ዳቦዋን እየቆረሰች። ሁለት እናቶች ልጆቻቸው ከትልቋ ልጅ ጋር እንዳይጫወቱ ከለከሉ። እናትየዋም ማኅበር መምጣት ተወች። ለቅሶ ቤት ለመድረስ የማንሰንፍ ሰዎች ለዚህች ሴት አንድ ጀበና ቡና ይዘን መውጣት እንዴት አቃተን? የሞተ ሰው ስለሌለ ይሆን?

ደብዳቤው የመጣ ዕለት ወጥቼ አቀፍኳት። እሷ ስታለቅስ ትልቋ ልጅ ጠጋ አለችኝና «እትዬ፣ እኔ አበላሽቼ ተርጉሜ ነው አይደል የመጡት?» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያን ይዛ ኖራለች። ለካ እሷን የጠየቃት አልነበረም፤ አባቷም፣ እናቷም፣ እኔም።

ሕፃኑ አሁን ድክ ድክ ይላል። ባለፈው እሑድ እቤታቸው ሳለሁ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግንባሩን መታና መሬት ተዘረጋ። እናትየው ከወንበሯ ብድግ አለች። መጀመሪያ ያነሣችው ስልኳን ነው፤ ጠረጴዛውን ከጠርዙ፣ ግንባሩን ከቅርብ፣ ሰዓቱን ከግድግዳው ፎቶ አንሥታ ጨረሰች። ከዚያ ልጁን አነሣችው።