የኮሌጅ ተጫዋች መልማዮችና የኢንዲያናፖሊሱ ሰዓት

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋችን ለድራፍት፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ሊጉ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ለሚመርጡበት ሥርዓት፣ የመመልመል ሥራ ትልቁ ክፍል የሚሠራው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ካሜራ በማይደርስባቸው የኮሌጅ ከተሞች ነው። ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው ግን የድራፍት ዕጩዎች ተሰብስበው የሚፈተኑበት የየካቲቱ ኮምባይን ብቻ ነው። ሰሞኑንም እንደተለመደው ከኢንዲያናፖሊስ የሚተላለፈው ይኸው ነው፦ ወጣቶች በየተራ ጎንበስ ብለው ይነሳሉ፣ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል ይሮጣሉ፣ ሰዓታቸው እስከ መቶኛ ሰከንድ ተቆጥሮ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከዚያ ተንታኞቹ የአንዱ ዋጋ ጨመረ፣ የሌላው ወረደ ይላሉ። ሦስትና አራት ዓመት የተጫወተ ልጅ በአምስት ሰከንድ ሩጫ ሲመዘን ማየት ያናድዳል። ይህ ዓምድ ከሰዓት ወዳዶች ጋር ያለው ክርክር የቆየ ነው፤ ዘንድሮም አቋሙ አልተለወጠም። ተጫዋችን የሚያውቀው ልጁ ያለበት ድረስ ሄዶ የሚያድረው መልማይ ነው።

ድራፍቱ ሲጀመር መልማይ የሚባል ባለሙያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1936 የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ክለቦች ፊላደልፊያ በሚገኘው ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ተሰበሰቡ። 90 ያህል ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በውድድሩ መጨረሻ የወጣው ቡድን ቅድሚያ እየመረጠ ተጫዋች ተከፋፈሉ። መጀመሪያ የተጠራው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር በክፍያ ሳይስማማ ቀርቶ አንድም ቀን በሊጉ አልተጫወተም። በዚያን ዘመን የክለቦች እውቀት ከጋዜጣ የተለቀመ ነበር። ወጣቱ ዌሊንግተን ማራ ከየአካባቢው ጋዜጣና መጽሔት እያስመጣ፣ እያነበበ፣ ለኒው ዮርክ ጃያንትስ የተጫዋቾች መዝገብ ያዘጋጅ ነበር። ያን ያህል ያነበበ ብቻ ከሌሎቹ ይቀድም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሎስ አንጀለስ ራምስ ኤዲ ኮታልን የሙሉ ጊዜ መልማይ አድርጎ ቀጠረ። ኮታል ሌላው የማይረግጣቸውን ትናንሽ ኮሌጆች ያዳርስ ነበር። ራምስ በ1949 ከሉዊዚያናው ግራምብሊንግ ኮሌጅ “ታንክ” እየተባለ የሚጠራውን ፖል ያንገርን አስፈረመ፤ ያንገርም ጥቁር አሜሪካውያን ከሚማሩባቸው ነባር ኮሌጆች ወደ ሊጉ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ።

በዚህ ሙያ ታሪክ ከሁሉ በላይ መነሳት ያለበት ስም ግን የቢል ናን ነው። ናን “ፒትስበርግ ኩሪየር” የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ ነበር። በየዓመቱ የጥቁር ኮሌጆችን ምርጥ ቡድን ስለሚያወጣ የደቡቡን ሜዳና አሰልጣኝ አብጠርጥሮ ያውቃል። እዚያው ከተማው ውስጥ ያለው ስቲለርስ ግን አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም። የክለቡ ኃላፊ ዳን ሩኒ ይህን ቅሬታ ሲሰማ አስጠርቶ አነጋገረው፤ ናንም በ1960ዎቹ መጨረሻ ለክለቡ መሥራት ጀመረ። ሌሎች መልማዮች እንግዳ ሆነው የሚገቡበት ግቢ ለእሱ የወዳጅ ቤት ነበር።

የጆን ስቶልዎርዝ ታሪክ ሙያው ምን እንደሚመስል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እንደሚተረከው፣ ናን ከሌሎች ክለቦች መልማዮች ጋር አላባማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ሄዶ ስቶልዎርዝ በዝናብ በራሰ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ተመለከተ። ሰዓቱ የሚያኮራ አልነበረም። ሌሎቹ ቁጥሩን መዝግበው ወደሚቀጥለው ኮሌጅ ሲያመሩ ናን አሞኛል ብሎ ቀረ። በማግስቱ ልጁን ደረቅ ሜዳ ላይ አስሮጠው፤ የተሻለ ሰዓትም አገኘ። አሰልጣኙ ቸክ ኖል ስቶልዎርዝን ቶሎ ለመውሰድ ሲቸኩል ናን እስከ አራተኛው ዙር ማንም አይነካውም ብሎ አረጋጋው፤ እንዳለውም ሆነ። ስቲለርስ በዚያው በ1974 ድራፍት ሊን ስዋንን፣ ጃክ ላምበርትን፣ ስቶልዎርዝንና ማይክ ዌብስተርን ወሰደ። አራቱም ዛሬ የፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ማንም ያልመረጠውን ዶኒ ሼልን ደግሞ ከሳውዝ ካሮላይና ስቴት አስፈረሙት፤ እሱም እዚያው አዳራሽ ገብቷል። ናን በ2014 አርፎ የዝና አዳራሹ በ2021 ተቀበለው። ክብሩ በሕይወት ሳለ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ዛሬም የአካባቢ መልማይ ሥራ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ለአንድ ክለብ የሚሠራ መልማይ የተወሰኑ ግዛቶች ይሰጡትና መኸሩን በመኪናና በርካሽ ሆቴል ያሳልፋል። ማለዳ አንዱ ኮሌጅ ይደርሳል፤ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተጫዋቹን ጨዋታዎች በፊልም ያያል። ፊልሙ ከስታዲየሙ አናት የተቀረጸና 22ቱንም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ነው፤ በቴሌቪዥን የሚታየው ኳሱን ተከትሎ የሚሮጥ ምስል ለእሱ ብዙ አይጠቅመውም። መልማዩ ተቀባዩን ሲመለከት ኳሱ ወደ ሌላ ሰው በተወረወረበት ቅጽበት ምን እንደሚሠራ ያያል፦ በተመደበለት መስመር በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል ወይስ ዘና ብሎ ይራመዳል? ሯጩ ሲያልፍ መንገድ ይከፍትለታል ወይስ ቆሞ ያያል? የመስመር ተጫዋች ሲሆን ዓይኑ እግሩ ላይ ነው። ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቁመትና 140 ኪሎ ክብደት ያለው ልጅ ሲገፋ እግሩ ከተጠላለፈ የደረቱ ስፋት አያድነውም። አንድን እንቅስቃሴ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ እየመለሰ ያያል፤ ማስታወሻውን ይጽፋል፤ እንደገና ያያል።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሜዳ ላይ ይቆማል። ከዚያ በፊትም በኋላም የሚያነጋግራቸው ሰዎች አሉ። ዋናው አሰልጣኝ ልጁን ማመስገኑ የታወቀ ስለሆነ የእሱ ቃል ብዙ አይመዝንም። ጎበዝ መልማይ የትጥቅ ክፍሉን ሠራተኛ፣ ወጌሻውን፣ የትምህርት አማካሪዋን ይጠይቃል። የቆሸሸ ማሊያውን ወርውሮ የሚሄደውን፣ ሲጎዳ ለሕክምና በሰዓቱ የሚገኘውን፣ ስትቀጥረው የሚቀርባትን ለይተው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ማታ ሆቴል ገብቶ ሪፖርቱን ይጽፋል፤ ለልጁ ነጥብ ይሰጣል፤ በነጋታው ሌላ ከተማ ነው። በጥር ወር ሞቢል፣ አላባማ የሚካሄደው ሲኒየር ቦውል ላይም ዋናው ቁም ነገር ከጨዋታው ቀን በፊት ያለው የሳምንት ልምምድ ነው፤ ከትንሽ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም የሚታየው እዚያ ነው።

ኮምባይን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1982 ታምፓ ላይ ሲጀመር የተጠሩት 163 ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከ1987 ጀምሮ ኢንዲያናፖሊስ ነው። ዛሬ ከ300 በላይ ይጠራሉ። የተጀመረበት ትልቁ ምክንያት የሕክምና ምርመራ ነው፤ እያንዳንዱ ክለብ ልጆቹን ለየብቻ እየጠራ ከሚያስመረምር የሁሉም ሐኪሞች አንድ ቦታ እንዲያዩአቸው ታስቦ ነው። እስከ ዛሬም ከኮምባይኑ እጅግ የሚጠቅመው ይህ ነው። የልብ ችግር፣ በቅጡ ያልዳነ ጉልበት፣ የተጎዳ አንገት እዚያ ይገኛል፤ ያ ደግሞ ከማንም ዓይን የተሰወረ ነው። ቴሌቪዥኑ ይህን አያሳይም። የሚያሳየው ሩጫውን፣ ዝላዩንና 102 ኪሎ ክብደት ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነው።

ፍጥነት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ባጠለቀበት የ1964ቱ ቶኪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ያሸነፈው ቦብ ሄይስ፣ ዳላስ ካውቦይስ በሰባተኛ ዙር የወሰደው ተጫዋች ነበር፤ እሱን ለማቆም ተከላካዮች አጨዋወታቸውን መለወጥ ነበረባቸው። ሄይስ ግን ሯጭ ብቻ ሳይሆን ኳስ የሚይዝ ተጫዋችም ነበር። በ2017 ጆን ሮስ 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ጨርሶ የኮምባይኑን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሲንሲናቲም ዘጠነኛ አድርጎ ወሰደው። በሊጉ የተጠበቀውን ያህል ሊሆን አልቻለም። ቶም ብሬዲ በ2000 ያንኑ ርቀት 5.28 ሮጠ። ስድስት ኳርተርባኮች ቀድመውት ተመርጠው እሱ 199ኛ ወጣ፤ ሰባት ጊዜ ሱፐር ቦውል አነሳ። ጄሪ ራይስም ፈጣን አይደለም ይባል ነበር። በ1985 ሁለት ተቀባዮች ተመርጠው ካለቁ በኋላ ነው 16ኛ ሆኖ የተጠራው፤ ከእሱ የሚበልጥ ተቀባይ ግን እስከ ዛሬ አልታየም። ለዕጩዎች የሚሰጠው የአእምሮ ፈተናም እንዲሁ ነው። በ2023 ሲ ጄ ስትራውድ በአንድ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አምጥቷል ተብሎ ወሬው ተናፈሰ። ሂዩስተን ሁለተኛ አድርጎ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት የአጥቂው ክፍል ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ሰዓት ወዳዶች “ዓይን ያዳላል፣ ቁጥር አያዳላም” ይላሉ። ሰዓቱ የሚለካው ያለ መከላከያ ትጥቅ፣ ያለ ተጋጣሚ፣ ቀጥ ባለ መስመር የተሮጠን ሩጫ ነው። በጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ ሩጫ ስንቴ ይገኛል? ዳላስ ካውቦይስ በ1960ዎቹ ሳላም ቁረይሺ ከተባለ፣ ከሕንድ ከመጣ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ምልመላውን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባም ማሽኑ የሚመገበው መልማዮች በየሜዳው ያዩትንና ነጥብ የሰጡትን ነበር። ያለ እነሱ የሚያሰላው ነገር አልነበረውም።

የመልማይ ዓይንም ይስታል። በ1998 ከፔይተን ማኒንግ ቀጥሎ ሁለተኛ የተመረጠው ራያን ሊፍ ክንዱ ጠንካራ ነበር፤ ሽንፈትንና ነቀፌታን ግን መሸከም አልቻለም። ይህ ዓምድ ግን ይህን የሚያየው ወደ ሰዓት መመለሻ ምክንያት አድርጎ አይደለም። ያልታየው ነገር ጠባይ ነበር፤ ጠባይን ደግሞ የሚያየው አብሮ የሚውል ሰው ነው።

ክለቦቹ ቁጥሩንም ዓይኑንም ይዘው በየካቲትና በመጋቢት ይሰበሰባሉ፤ ስሞችን በየቦታቸውና በየደረጃቸው ሰሌዳ ላይ ይደረድራሉ። እዚህ ላይ ሥልጣን ከመልማዩ እጅ ይወጣል። መኸሩን ሙሉ የተንከራተተው ሰው ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ ባለቤቱና ዋና ሥራ አስኪያጁ ይወስናሉ። ኢኮኖሚስቶቹ ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የድራፍቶችን ውጤት ሲያጠኑ፣ አንድ ተጫዋች በራሱ ቦታ ከእሱ ቀጥሎ ከተመረጠው በልጦ የሚገኘው 52 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ መሆኑን አገኙ። ይህ ዕጣ ከመጣል ብዙም አይርቅም። ይህ እየታወቀም ክለቦች ጥቂት ደረጃ ወደ ላይ ለመውጣት ሲሉ የመጪ ዓመታት ምርጫቸውን አሳልፈው ይሰጣሉ። በእርግጠኝነት የሚናገረው ሰው ሁልጊዜ ከሚጠራጠረው በላይ ይሰማል፤ የስብሰባው ክፍል ትልቁ በሽታ ይህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ልጆቹ የሚያዙበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ ጥቁር ወጣቶች የሆኑ ተጫዋቾች ቁምጣ ብቻ ለብሰው በመልማዮች ፊት እየቆሙ ቁመታቸውና ክብደታቸው ሲለካ ኖሯል፤ የባሪያ ገበያን ያስታውሳል ያሉት ብዙዎች ናቸው። በ2010 የማያሚ ዶልፊንስ ዋና ሥራ አስኪያጅ አንዱን ወጣት ስለ እናቱ አሳፋሪ ጥያቄ ጠይቆ በይፋ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገዷል። በ2016 ደግሞ የአትላንታ ፋልከንስ አንድ አሰልጣኝ ሌላውን ወጣት “ወንድ ትወዳለህ ወይ?” ብሎ ጠየቀ፤ እሱም ይቅርታ ጠየቀ። ይህ የምልመላ ጥበብ አይደለም፤ ነውር ነው። የአንድን ወጣት ጽናት ማወቅ የፈለገ በመኸር ሄዶ የሚያውቁትን ይጠይቅ።

የቢል ናን መንገድም እየተረሳ ነው። በ2021 ድራፍት ጥቁሮች ከሚማሩባቸው ነባር ኮሌጆች አንድም ተጫዋች አልተመረጠም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሩን ለጥቁር ተጫዋቾች ከከፈቱ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ዝውውሩ ስለቀለለና ገንዘቡ ስለገባ ጎበዙ ልጅ ሳይመረቅ ወደዚያው ይሄዳል፤ ይህ እውነት ነው። ሁሉም ግን አይሄድም። በ2025 ባልቲሞር ሬቨንስ በአምስተኛው ዙር የመስመር ተጫዋቹን ካርሰን ቪንሰንን ወሰደ፤ የመጣውም ከስቶልዎርዝ ኮሌጅ ከአላባማ ኤ ኤንድ ኤም ነው። እዚያ ግቢ ደርሶ ያየው ሰው ባይኖር ኖሮ ስሙ አይጠራም ነበር።

ድራፍቱ ራሱ በሚያዝያ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሰባት ዙር ነው፤ 32ቱ ክለቦች 260 ገደማ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ። የመጨረሻው ስም እንደተጠራ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት፣ ስልኩ ይጀምራል። ያልተመረጡትን ለማስፈረም ክለቦች ይሽቀዳደማሉ፤ ደዋዩም ብዙ ጊዜ ያው የአካባቢ መልማይ ነው። ልጁ ድምፁን ያውቀዋል፤ በመስከረም ሜዳው ዳር ቆሞ አይቶታል። ብዙ ክለቦች ከመልማዮቻቸው ጋር ያላቸው ውል የሚያበቃው ከድራፍቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ስለሆነ፣ ያንን ስልክ የደወለው ሰው በግንቦት ራሱ ሥራ ፈላጊ ሊሆን ይችላል። ክለቦች ለመልማዮቻቸው ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል ይስጧቸው። አንድ ተጫዋች ምን እንደወጣው የሚታወቀው ከሦስት ዓመት ወዲያ ነው፤ መልማዩም የሚመዘነው ያን ጊዜ ነው።