በተዘጋ ድንበር ላይ የተማሪ ምልመላ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቻይና በዚያው ወር በ19ኛው ቀን ለውጭ ዜጎች ድንበሯን ዘጋች። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ምልመላ ግን አልቆመም፤ ወደ ኢንተርኔት ተዛወረ እንጂ። ይህን ሽግግር ዕድልን ለሁሉ እንዳዳረሰ አድርጎ ማቅረብ ተለምዷል። ከደብረ ወርቅ ሲታይ አባባሉ አይጸናም።

በቤት የሚሰጠው የቶፍል ፈተና ካሜራ ያለው ኮምፒውተርና የማይቋረጥ መስመር ይሻል። ርካሹ የዱኦሊንጎ ፈተና በወቅቱ 49 ዶላር ነበር። ብሩን ያገኘ አመልካች እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ አልነበረውም፤ ደላላው የሚገባውም በዚህ ክፍተት ነው። ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ ደግሞ ካርድ ያለውና የሌለው እኩል ሆኑ።

ጎጃም ለትምህርት አገር ማቋረጥን ከቆሎ ተማሪው ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ግን መምህሩ ደጅ ሳይደርስ ተማሪ አይባልም። በወረርሽኙ ዘመን የተመለመለው ተማሪ ቤቱ ተቀምጦ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተባለ። ቻይና ለውጭ ተማሪዎች በሯን በሰፊው የከፈተችው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሕክምና ትምህርት እንኳ፣ ያለ ሆስፒታልና ያለ ሬሳ ክፍል፣ በስክሪን ይሰጥ ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም የምልመላ ውል ድንበር ቢዘጋ የተከፈለው ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ በግልጽ ሊደነግግ ይገባል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የኮምፒውተር ክፍሎቹን ለአካባቢው አመልካቾች ፈተና ቢከፍት፣ ከደላላው ድርሻ ጥቂቱን ያስቀራል፤ የካርዱ ጉዳይ ግን የባንኮች ነው።