ማሳሰቢያ፦ ለጋራዥ፣ ለግንባታና ለፋብሪካ ሠራተኞች እንዲሁም ለቤተሰቦቻቸው፤ ማስረጃችሁን በጤናችሁ ጊዜ ሰብስቡ

ይህ ማሳሰቢያ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤተል፣ ከዘነበወርቅ እስከ ዓለም ባንክ፣ በጋራዥ፣ በግንባታ፣ በቤት ማፍረስና በቁራሌው ሥራ ለተሰማራችሁ፣ የእነዚህንም ሠራተኞች ልብስ ለምታጥቡ እናቶች፣ ሚስቶችና እህቶች ነው። ጠበቃ ነኝ፤ በሥራቸው ምክንያት የታመሙ ሰዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ወክዬ ካሳ እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ አስቤስቶስ የሚባለው ማዕድን ነው። እሳትንና ፍትጊያን ስለሚቋቋም ለበርካታ ዓመታት ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ የጣሪያ ክዳንና የውሃ ቧንቧ ተሠርቶበታል፤ በፋብሪካ የእንፋሎት ቧንቧ ተጠቅልሎበታል፤ በመኪና ፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ውስጥም ገብቷል። ሲቆረጥ፣ ሲሰበር፣ ሲሞረድ ወይም በኮምፕሬሰር ሲነፋ ዓይን የማያያቸው ክሮች ይበናሉ። ወደ ሳንባ የገባው ክር እዚያው ይቀራል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር እንደሚያስከትሉ አረጋግጧል፤ የሳንባ፣ የሳንባ ሽፋን፣ የጉሮሮና የእንቁላል እጢ ካንሰር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሳንባን አደንድኖ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሌላ በሽታም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሥራ ቦታ ለአስቤስቶስ በመጋለጥ በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ይሞታሉ።

ለካሳ ጠያቂ ትልቁ ፈተና በሽታው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በ20 ዓመቱ የፍሬን ከበሮ በኮምፕሬሰር ሲነፋ የዋለ ወጣት የሚታመመው በ50 ወይም በ60 ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጋራዡ ተዘግቷል፣ ባለቤቱ አልፏል ወይም ሀገር ለቋል፣ አብረውት የሠሩት ተበትነዋል። የደቡብ አፍሪካ ማዕድን ሠራተኞች ይህን በመከራ ተምረውታል። ኬፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የአስቤስቶስ ማዕድኑን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1979 ከሀገሪቱ ወጣ። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ክሱ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት እንዲታይ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ከ7 ሺህ የሚበልጡት ከሳሾች በስምምነት ካሳ ያገኙት በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ሞተዋል።

የእኛ ሕግ ለሠራተኛው በር አልዘጋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጥራል፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በሽታው የታወቀበት ቀን ጉዳቱ እንደ ደረሰበት ቀን ይወሰዳል። ሠራተኛው ከሞተ ለሚስት ወይም ለባል፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችና በሟቹ ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ክፍያ ይገባል። ነገር ግን ይርጋ አለ፤ በዚህ አዋጅ የጠቅላላው ይርጋ አንድ ዓመት ነው። አቧራ የያዘውን የባሏን የሥራ ልብስ በማጠብ የታመመች ሚስት ሠራተኛ ስላልነበረች ጥያቄዋ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ሲሆን፣ የዚያ ይርጋ ሁለት ዓመት ነው። ሐዘኑ እስኪበርድ እያሉ ቀኑን የሚያሳልፉ ቤተሰቦች አሉ። እባካችሁ፣ ሐኪም የበሽታውን ስም በነገራችሁ ሳምንት የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ስለዚህ ዛሬ፣ ጤነኛ ሳላችሁ፣ እነዚህን አድርጉ።

አንደኛ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት ጠይቁ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ለመጠየቅ ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም። “ሠራተኛ ነበር” ከሚል ወረቀት ይልቅ “ፍሬን ሠሪ” ወይም “ጣሪያ አፍራሽ” የሚል ወረቀት በችሎት ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ የደመወዝ ደረሰኝና የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበትን ማስረጃ አትጣሉ። በቃል ውል የምትሠሩ የቀን ሠራተኞችም መብት አላችሁ፤ አብረዋችሁ የሚሠሩትን ሰዎች ሙሉ ስምና ስልክ፣ የሠራችሁበትን ቦታና ጊዜ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። የሥራ ቦታውን ፎቶ አንሱ።

ሦስተኛ፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ይዟችሁ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ምን ሥራ ስትሠሩ እንደኖራችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ በካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍም ለምኑ። የቲቢ ምርመራውን አትተዉ፤ ነገር ግን ነጻ ከሆናችሁና ሳሉ ከቀጠለ ተመልሳችሁ ሂዱ። ራጅና የምርመራ ውጤት ቅጂ በእጃችሁ ይኑር፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ይፈልገዋል።

አራተኛ፣ “ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም” የሚል ወረቀት ፈርሙ ብትባሉ አትፈርሙ። የፈረማችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው አይጸናም። ካሳ አስወጣለሁ ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላም ጆሮ አትስጡ። በአዋጁ መሠረት ለሚቀርብ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለም።

አቧራውንም ተጠንቀቁ። አስቤስቶስ ያለበትን ሸራ ወይም ክዳን በዓይን መለየት አይቻልም፤ አሮጌ ከሆነና ምንነቱ ካልታወቀ እንዳለበት ቁጠሩት። የፍሬን ከበሮ በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አሮጌ የሲሚንቶ ክዳን በመጋዝ አትቁረጡ፣ በመዶሻ አትሰባብሩ፤ ውሃ አርከፍክፋችሁ ሙሉውን አውርዱ። ተራ የጨርቅ ጭምብል ክሩን አያግድም። የሥራ ልብስ በሥራ ቦታ ይቀየር፤ ለብሳችሁት ልጅ አትቀፉ፣ ቤት ውስጥም አታራግፉት። ሲጋራ የምታጨሱ አቁሙ፤ ከአስቤስቶስ ጋር ሲደመር የሳንባ ካንሰርን አደጋ እጅግ ያበዛዋል።

የጋራዥ ባለቤቶችና ተቋራጮች፣ በአደገኛ ሥራ ላይ ያሰማራችሁትን ሰው በራሳችሁ ወጪ ማስመርመር፣ ስለ አደጋው ማስተማርና መከላከያ ማቅረብ በሕግ የተጣለባችሁ ግዴታ ነው። ሠራተኞች ደግሞ ይህ ካልተፈጸመ ለከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ከሥራ ልምድ ወረቀታችሁ ጋር አኑሩ። የሥራ ልምድ ወረቀታችሁን በዚህ ሳምንት ጠይቁ።