ረግጦ መመለስ

ጎበዝ፣ በቾ ቦሬ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ አንድ «ጠበቃ» አይጠፋም። «ግሪን ካርድ እኮ ቀላል ነው! ዓመት ሳይሞላ አሜሪካን ረግጦ መመለስ ነው» ይላል። በዲቪ የሄዱ እናቶች ይህን አምነው አስራ አንድ ወር ጅማ ይከርማሉ፣ ሁለት ሳምንት «ረግጠው» ይመጣሉ።

እኛ ደግሞ ይህ ምክር ሰው እየጎዳ ነው እንላለን። ካርዱ የመኖሪያ እንጂ የመግቢያ ወረቀት አይደለም። ከ6 ወር በላይ የቆየ ሰው ኤርፖርት ላይ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል፤ ለዜግነት የሚቆጠረው 5 ዓመትም እንደተቋረጠ ይገመታል። ዓመት ካለፈ ካርዱ ብቻውን አያስገባም። ዓመት ባይሞላስ? «ቤትዎ የት ነው? ግብር የሚከፍሉት የት ነው?» መባል አይቀርም።

የታመመ አባት ለማስታመም መምጣት መቼም ነውር የለውም። ግን ከመነሳት በፊት፣ እዚያው አሜሪካ ሳሉ፣ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል (የዜግነቱን ቆጠራ ግን አያድንም)። ኤርፖርት ላይ ቅጽ አይ-407 «ፈርሙ» ቢባሉም፣ ያ ካርድ መመለሻ ነውና በግድ አይፈረምም፤ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት አለ። ይህን የሚናገር የቡና ቤት «ጠበቃ» እስካሁን አላጋጠመንም።